ሁለት ገጽ ተኩል

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ሥራው ቀድሞ የተከፋፈለ ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ጎህ ሳይቀድ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ወጣቶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማሉ። ሴቶቹ ንፍሮና እንጀራ ይዘው ይመጣሉ። ግንዘቱና ፍትሐቱ የካህናቱ ነው። በዕድሩ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ አንድ ሥራ ግን ይቀራል። ረፋድ ላይ አንድ የሟች ዘመድ፣ ብዙ ጊዜ የበኩር ልጅ ወይም አማች፣ በሬን ያንኳኳና «መምህር፣ እባክዎን የሕይወት ታሪክ ይጻፉልን» ይለኛል። ቀብሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንድን ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ለመጠየቅ፣ ለመጻፍና በሰው ፊት ለማንበብ አራት ሰዓት ካገኘሁ ብዙ አገኘሁ።

ሙያዬ የአማርኛ መምህርነት ነው። ወደዚህ ሥራ የገባሁት የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብና ድምፄ ስለማይንቀጠቀጥ ብቻ ነበር። ቀብር ላይ አንብቤ ስጨርስ አንዱ ለሠርግ ጠራኝ፣ ሌላው ለምርቃት ድግስ፣ ሌላው ለአባቱ ሙት ዓመት። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደመወዝ የለውም። አንዳንዱ ስኳር ይልካል፣ አንዳንዱ ለበዓል ዶሮ፤ አብዛኛው «እግዜር ይስጥልን» ይላል፣ እሱም ይበቃል።

የቀብር የሕይወት ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው መልክ አለው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በወሎ ክፍለ ሀገር በላስታ አውራጃ…» ብሎ ይጀምራል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ይገባሉ። በእገሌ መሥሪያ ቤት በቅንነትና በታታሪነት ያገለግላሉ። ትዳር ይመሠርታሉ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ይቆዩና ከዚህ ዓለም በሞት ይለያሉ። መጨረሻ ላይ የልጆች ቁጥር ይመጣል፣ ከዚያ ለቤተሰብ መጽናናትን መመኘት። ሁለት ገጽ።

ይህ መልክ የተሰፋው ለደመወዝተኛ ሰው ነው። ፋይል ላለው፣ የቅጥር ደብዳቤ ላለው፣ ጡረታ ለወጣ። አንዲት የላስታ ገበሬ ሴት እዚያ ውስጥ ስትገባ ልብሱ ይሰፋባታል። ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ አልተቀጠረችም፣ አልተሾመችም። ስለዚህ ትወለዳለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ትታመማለች። ሰባ ዓመት በአራት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ያ ሁሉ ውሃ መቅዳት፣ ያ ሁሉ መፍጨት፣ በ77ቱ ድርቅ ልጅ አዝላ እህል ፍለጋ የሄደችበት መንገድ የትም አይገባም። የኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ መልኩን ሳላፈርስ ሰውየዋን ማስገባት።

እንዴት እንደሚጠየቅ የተማርሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ አልቃሽ ነበረች። ቤቷ ከአቡነ ዮሴፍ ሥር፣ ከገብስ በቀር ብዙ ነገር በማይበቅልበት ደጋ ላይ ነው። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ውርጩ መሬቱን ያነጣዋል። በዚያ ብርድ ግማሽ ቀን ተጉዛ ለቅሶ ትደርስ ነበር። ደርሳ ግን ወዲያው አትዘልቅም። አጥር ሥር ከጎረቤት ሴቶች ጋር ትቀመጥና ትጠይቃለች። ልጅ ሆኜ አብሬያት ስሄድ ጥያቄዎቿ ሦስት መሆናቸውን ቆጥሬያለሁ። ምን ይወድ ነበር? ማን ይቆጣው ነበር? ምን ሳይጨርስ ቀረ? ከዚያ ነጠላዋን ታስተካክልና ትገባለች። የሰማችው ሁሉ ግጥም ሆኖ ይወጣል። ሙሾዋ ሟችን አያሞካሽም ነበር፤ ያስታውሳል። ሰውየው ስስታም ከነበረ ጎተራው ጎድሎ እንደማያውቅ ታነሳለች። የገባው አንገቱን ይደፋል፣ ያልገባው ያለቅሳል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ደረት መድቃትንና ፊት መንጨትን ሲያወግዙ ኖረዋል፣ ምክንያትም አላቸው። ከተማው ውስጥ የአልቃሽን ቦታ አሁን ድምፅ ማጉያና የታተመ ወረቀት ይዘውታል። ነገር ግን ወረቀቱ የአክስቴን ሦስት ጥያቄዎች ካልጠየቀ ቅጽ እንደመሙላት ነው። ቅጽ ላይ ደግሞ ማንም አያለቅስም።

አንድ ዓመት በገና ሰሞን፣ ከተማው በምእመናን ነጭ በለበሰበት ጊዜ፣ አስጎብኚ የሆነ የድሮ ተማሪዬ ከሜልቦርን የመጡ አንዲት ጡረተኛ ሴት ይዞ ቤቴ ቡና ሊጠጣ መጣ። ምን ይሠሩ እንደነበር ስጠይቃቸው ተማሪዬ ለመተርጎም ተቸገረ። ቄስ አይደሉም፣ ዳኛ አይደሉም፣ ግን ሰው ያጋባሉ፣ ሰው ይቀብራሉ፣ ለሕፃን ስም ሲወጣ ሥርዓቱን ይመራሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አዲስ ሥርዓት ይጽፋሉ። አገራቸው ይህን ሥራ የጀመረችው በእኛ 1965 ዓ.ም. ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሊዮኔል መርፊ ቤተ ክርስቲያን ለማይሄደው ሰው ከመዝገብ ቤት ጠረጴዛ የተሻለ ነገር ይገባዋል ብለው የሲቪል ሥርዓት መሪዎችን መሾም ጀመሩ። ዛሬ እዚያ አገር አብዛኛው ጋብቻ በእነሱ እጅ ነው የሚፈጸመው።

«እኔም እኮ ይህንኑ ነው የምሠራው» አልሁ፤ ተማሪዬ ሳቀ። ከሄዱ በኋላ ግን ልዩነቱን ሳስብ ሰነበትሁ። እሳቸው የሚቆሙት ካህን በሌለበት ነው። እኔ የምቆመው ከካህኑ ቀጥሎ ነው። ላሊበላ ውስጥ ጸሎት አልጎደለም። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርሱ ሟችን የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው፤ አርባ ዓመት አጠገቡ የኖረ ጎረቤት «ለካ ወልደ ሚካኤል ኖሯል» የሚለው ያን ቀን ነው። ካህኑ ስለ ነፍሱ ለእግዚአብሔር ይናገራሉ። ሰውየው ንብ አናቢ እንደነበር፣ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ሳይታረቅ እንደቀረ፣ ልጆቹን ተረት ሳይነግር እንደማያስተኛ ግን ፍትሐቱ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። እሱን ለጎረቤት መናገር የሌላ ሰው ድርሻ ነው።

ካህን በሌለበት የቆምሁበትም ጊዜ አለ። ሕጋችን ለጋብቻ ሦስት በር ከፍቷል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ የክልላችን የ1995ቱ የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያውቃሉ። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ቁርባኑ ወይም ሰማንያው ቀድሞ ያልቃል፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚመጣው የምስክር ወረቀት ሲያስፈልግ ነው። ለአንዳንዶች ግን ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላቸው። ልጁ የላስታ ክርስቲያን፣ ልጅቱ ከወልድያ በኩል የመጣች ሙስሊም። ማንም እምነቱን አልለወጠም። ቤተ ክርስቲያን አያጋባቸውም፣ ኒካም አይታሰርላቸውም። መዝገቡ ላይ ፈረሙ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቱ ከዚያ ስትወጣ «መምህር፣ እንዲህ ነው እንዴ ሠርግ? የስልክ ቀፎ የገዛሁ እኮ ነው የመሰለኝ» አለችኝ።

ከሁለቱም ወገን የተወሰነ ሰው ለመምጣት ፈቀደ። የመጀመሪያው ችግር ምግብ ነበር። እንደሚታወቀው ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ሁለት ድንኳን፣ ሁለት እርድ ይሁን ያሉ ነበሩ። የልጁ እናት ግን «ለምን የጾም አይሆንም?» አሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ጎመን፣ ቲማቲም ፍትፍት። ቀኑ የፍስክ ቀን ነበር፤ በፍስክ ቀን የጾም ሠርግ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ።

ሁለተኛው ችግር ቃሉ ነበር። በማን ስም ምን ይባላል? አዲስ ነገር አልፈጠርሁም። ቡናውን ያዝሁ። ቡና የሁላችንም ነው፣ ሦስት ዙር አለው፣ በወሎ ደግሞ ያለ ምርቃት አይጠጣም። በአቦሉ የልጁ አያት መረቁ፣ በቶናው የልጅቱ አያት ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም በየተራው አሜን አለ። በበረካው ሙሽሮቹ ራሳቸው ተናገሩ። እኔ የጻፍሁላቸው አንድ ገጽ ነበር፤ እሱም የሁለቱ እናቶች ስለ ልጆቻቸው የነገሩኝ ነው። የልጅቱ አባት አልመጡም ነበር። ይህንን አልሸፈንሁትም። «ዛሬ እዚህ ያልተገኙ አሉ፤ በሩ አልተዘጋም» ብዬ አነበብሁ። በሩም እውነት ክፍት ነበር፤ ሰው እየገባና እየወጣ ነበር።

እንዲህ ያለው ቀን ያስደስታል። ሥራው ከባድ የሚሆነው ቁጥር ላይ ነው።

«የስንት ልጆች አባት ነበሩ?» የምትለው መስመር ከጽሑፉ ሁሉ አጭሯ ናት። ከሁሉም የበለጠ ጠብ ያየሁት ግን በሷ ነው። ሟቹ ሹፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በአይሱዙ ጨርሰዋል። ልጆቻቸው ሲያስጽፉኝ «የስድስት ልጆች አባት» አሉ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። ከጋሸና በሌሊት መኪና ነው የመጣችው። የጋሸና መገንጠያ ደግሞ በመንገዱ ላይ የሚሠራ ሹፌር ሁሉ የሚያድርባት ናት። ማንም ማን እንደሆነች አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገም። ግንባሯ የሳቸው ነው።

የበኩር ልጁን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። አልካደም። «መምህር፣ ስምንት መቶ ሰው ፊት ሰባት ብለው ካነበቡ ነገ ለውርስ ማስረጃ ይሆናል» አለኝ። ልክ ነው። በሕጋችን አንድ ሰው በቤተሰቡና በአካባቢው ሰው ዘንድ እንደ ልጅ መታወቁ ራሱ ለልጅነቱ ማስረጃ ነው። ሰውየው ሞኝ አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም። እናቱ ሀዘን ላይ ናቸው፣ ወንድሞቹ ቤት የላቸውም፣ አባቱ ደግሞ ይህን ነገር በቁማቸው ሳይጨርሱት ለሱ ጥለውበት ሄደዋል። የአክስቴ ሦስተኛ ጥያቄ።

ሁለት መንገድ ሰጠሁት። ወይ ቁጥር አልጠራም፣ «የልጆች አባት» ብዬ አልፋለሁ፤ ወይ ሰባት እላለሁ። ስድስት ብዬ ግን አላነብም። ሰው በድንኳን ውስጥ ተቀምጣ እየሰማች፣ በአባቷ አስከሬን ፊት፣ የለችም ብዬ መመስከር ነው። «እንግዲያው ሌላ ሰው ያነባል» አለ። «ይሁን» አልሁና ወረቀቱን ሰጠሁት።

ነገሩ ለሚስትየው ደረሰ። አስጠሩኝ። ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። ልጆቻቸው በሩ ላይ ቆመዋል። «ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?» አሉ። ማንም አልመለሰም። ቀና ብለው አዩኝና «እኔ ሹፌር አግብቼ መንገዱን አላውቀውም ብለው ነው እነዚህ?» አሉ። ከዚያ «ሰባት በል ልጄ» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ መለሱ።

ሰባት ብዬ አነበብሁ። ምንም አልሆነም፤ ሰማዩ አልተደፋም። ጥግ ላይ ያለችው ሴት ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የማን ለቅሶ ላይ እንዳለች የሚያውቅላት ስላልነበረ እንደ እንግዳ ነበር የተቀመጠችው። ውርሱ በኋላ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ እሱን እነሱ ያውቃሉ። የበኩር ልጁ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ሚስትየው ለፋሲካ ዶሮ ልከውልኛል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የጦርነቱ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስም ተመላልሳ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። በዚያ መሃል ሰው በጥይት ብቻ አልሞተም። ስኳር ያለበት መድኃኒት አጥቶ ሞተ፣ ያረጀው ጊዜው ደርሶ ሞተ። አዲስ አበባና ጅዳ ያሉ ልጆቻቸው አልሰሙም። ማተሚያ ስለሌለ በተማሪ ደብተር ላይ በሻማ እጽፍ ነበር። ቀብር ላይ አሥር ሰው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ይቆማል። አንብቤ ስጨርስ ደብተሩን ቤት አስቀምጣለሁ።

ስልኩ ሲመለስ መርዶው ተከማችቶ ጠበቀ። መርዶ እንደምናውቀው ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በር ላይ ይደርሳል፣ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እየደወልን «ሂዱና ንገሩት» እንል ነበር። ልጆቹ መንገድ ሲከፈት ሲመጡ ለቅሶው እንደገና ተተከለ። አስከሬን የለም፤ ፎቶና ልብስ አለ። ይህም አዲስ አይደለም። በገጠራችን ሰው ርቆ ሲሞት ልብሱ፣ መሣሪያው፣ ካለውም ፈረሱ ወጥቶ ይለቀስለታል። እኔም ከደብተሩ አነበብሁ። አንዱ ልጅ ሲጨርስ ገጹን ቀድጄ እንድሰጠው ለመነኝ። የሻማው ጠብታ ያለበትን ነው የወሰደው፤ በኮምፒውተር አጽፌ ልስጥህ ብለው እምቢ አለ።

ከነዚህ ሁሉ አንዲት እናት አትረሳኝም። ልጇ ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ዘመዶቿ እርማችንን እናውጣ ብለው ወደኔ ላኳት። ወረቀት አውጥቼ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ነበር አትበል» አለችኝ።

የሕይወት ታሪክ ሙሉ በሙሉ በ«ነበር» የቆመ ጽሑፍ ነው። ያን ቀን ማታ ግሡን ሁሉ ቀየርሁት። ረጅም ነው። ጥርሱ ፍንጭት ነው። ሒሳብ ይወዳል። ሽሮ በቅቤ ካልሆነ አይበላም። ታናሽ እህቱን ያስጠናል። «ዐረፈ» የሚለው የሚመጣበት ቦታ ላይ ስደርስ ምንም አልጻፍሁም፤ የሄደበትን ቀንና የለበሰውን ሹራብ ቀለም ጻፍሁ። ድንኳን አልተተከለም። ቤቷ ውስጥ፣ በየወሩ ሚካኤልን በምትዘክርበት ቀን፣ ቡና እየተፈላ አነበብሁላት። ጎረቤቶቿ እንደ ለቅሶም እንደ ጨዋታም አድርገው አይደለም የሰሙት፤ ስለ አንድ የሚያውቁት ልጅ ሲወራ እንደሚሰማ ነው። ዘመዶቿ ግማሾቹ አልወደዱትም። እርሟን እንዳታወጣ አድርገሃል አሉኝ። ሊሆን ይችላል። እርሟን መቼ እንደምታወጣ የምትወስነው ግን እሷ ናት፣ የኔ ግሥ አይደለም።

በዚህ ሥራ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሥርዓት ማለት ቃል ማሳመር አለመሆኑ ነው። ማሳመርማ ቀላል ነው፤ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» ብሎ ለሁሉም ማንበብ ይቻላል፣ ማንም አይከራከርም። ከባዱ ማን ተቆጠረ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው ግሥ ለማን ይገባል የሚለው ነው። ሰው ለዚህ ነው ከቀብሩ በፊት ባለችው አጭር ሰዓት ቤቴ የሚመጣው።

አሁን አሁን ደግሞ በቁማቸው የሚያስጽፉ መጥተዋል። የቁም ተዝካር የቆየ ልማድ ነው፤ ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሰው ተዝካሩን ሳይሞት ያወጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት ጠላ ጠማቂ እናት ካህናቱንና ጎረቤቱን አብልተው ካጠጡ በኋላ አስጠሩኝና «ስሞት አልሰማህም፤ አሁን አንብብልኝ» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አነበብሁ። እሳቸው ደግሞ እንደ ፈታኝ መምህር ጣታቸውን እያነሡ ያርሙኛል። «ደግ ነበሩ» ስል «አውጣው፣ ዱቤ የቀረብኝን ሁሉ ስም ከነብሩ አውቃለሁ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሁለት ሦስት ሰው ግን አልሳቀም። «ሁለት ልጆች ወልደው» ስል «አራት ነው» አሉ፤ «ሁለቱ በኩፍኝ ሄዱብኝ፣ ስማቸውን ጻፍ።» ስማቸውን ነገሩኝ፣ እዚያው በስክሪብቶ ጨመርሁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሰለኝ እነዚያ ስሞች በሰው ፊት የተጠሩት። ስለ ጠላቸው የጻፍሁትን ሁለቴ አስነበቡኝ።

ሲያልቅ «ስንት ገጽ ሆነ?» አሉኝ።

«ሁለት ተኩል።»

«ግማሹን ባዶውን ተወው» አሉ። «ገና መቼ ሞትሁ።»